ዘግይቶ የተደረሰ ለቅሶ

ሰው ሲታመም መክሳት አለበት። ደሴ ላይ ሕጉ ይኸው ነው። ጉንጩ ሊጎደጉድ፣ ዓይኑ ሊሰረጉድ፣ ልብሱ ሊሰፋው ይገባል፤ ያኔ ጠያቂው ከንፈሩን መጥጦ፣ የያዘውን አስቀምጦ፣ ሕመሙን አምኖ ይሄዳል። ዐሊማ ግን በዚህ ሕግ አልታመመችም። ፊቷ እንደ ጥንቱ ወዛም ነው፤ ጉንጯ ሙሉ ነው፤ ከሻሿ ሥር የሚታየው ግንባሯ የልጅ እናት ግንባር አይመስልም። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ማሻ አላህ! አምሮብሻል እኮ!» ይላታል። እሷም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ምን ትበል? እንዴት ነሽ ሲሏት ሳያመሰግን የሚመልስ አፍ እናቷ አላሳደገችም። ቤቷ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ አቅም አጥታ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ስትጋደም ግን የሚያያት የለም።

ነገሩ የጀመረው ከኮሮና ነው። በዚያ ክፉ ዘመን ኦክሲጅን አፍንጫዋ ላይ ተሰክቶ ሰንብታ፣ «ተርፈሻል» ተብላ በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ሰው ሸሽቶ ሲመለስ፣ የጎደለውን ሲፈልግ፣ የሞተበትን ሲያለቅስ ኮሮና ከነስሟ ተረሳች። የዐሊማ ገላ ብቻ አልረሳም። ባሏ አብዱረህማን ከዚህ ሁሉ በፊት ሞቷል፤ አንድ ልጇ ሰፍዋን ሠመራ ላይ የጭነት መኪና ይሾፍራል። እሷ ፒያሳ የነበራትን የጨርቅ ሱቅ ለዘመድ አስረክባ ቤት ዋለች።

ሕመሙ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ቤት ያጸዳች፣ ገበያ የወጣች ዕለት ምንም አይላት። ቆማ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ዋጋ ትከራከራለች። በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ግን እጅ እግሯን አስሮ አልጋ ላይ ይጥላታል። ብርሃን ዓይኗን ይወጋታል፤ ሰው የሚነግራት ነገር ትርጉሙ ሳይገባት ያልፋል፤ አንድ ኩባያ ውሃ ለማንሳት ከራሷ ጋር ትመካከራለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ! ስለዚህ አገሩ የሚያውቀው ደህናዋን ቀን ብቻ ነው። ክፉ ቀኗን አልጋዋና ጣሪያዋ ያውቁታል።

መጀመሪያ ላይ ጠያቂው ጎረፈ። በጥየቃ ደሴን የሚያህል ከተማ የለም፤ ሰው ታሟል ከተባለ መደብ ሞልቶ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ዐሊማ እንግዳ ሲመጣ ትነሳለች፣ ታስተናግዳለች፣ ትጫወታለች፤ እንግዳው ሲወጣ ትወድቃለች። እነሱም «ኧረ ደህና ናት!» እያሉ ሄዱ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ቀሩ። ሕመም ወግ አለው፤ ወይ ይሽራል ወይ ይገድላል። መሃል ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ወግ አልተሠራለትም። ጎረቤቷ ኢንሻራህ ብቻ አልፎ አልፎ በአጥሩ ላይ «ዐሊማ፣ አለሽ?» ትላታለች። «አለሁ» ትላታለች ዐሊማ ተኝታ።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የገበያነሽን ነገር ነው።

ገበያነሽ የልብ ጓደኛዋ ናት። ወጣት ሳሉ ሱቃቸው ጎን ለጎን ነበር፤ ገበያነሽ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ስለነበር ከዐሊማ ጨርቅ የገዛ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲደርስ ያስነጥሰው ነበር። የገበያነሽን ልጅ ፋሲካን ዐሊማ ጡቷን አጥብታታለች። በኋላ የገበያነሽ ባል ብሩ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡ ወደዚያ ወረደ። አብዱረህማን የሞተው በሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ተቀዶ። እስላም ሬሳ አያሳድርምና ቀብሩ በዚያው ዕለት ሆነ። ብሩ በጭነት መኪና የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ጀናዛው ከቤት ሳይነሳ ደረሰ። ኮቱን ጥሎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃው ውስጥ ገብቶ መቃብር ቆፈረ። የአብዱረህማን ወንድሞች እንኳ ዳር ቆመው ነበር።

አምና በየካቲት ያ ብሩ በጠና ታመመ። ዐሊማ ስትሰማ አላስቻላትም፤ ነገ ወርጄ እጠይቀዋለሁ ብላ ተነሥታ ፒያሳ ወጣች። ብርቱካን እየዳሰሰች መረጠች፣ ማር አስመዘነች፣ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር ተሳሳመች። በማግስቱ ራሷን ከትራሱ ማንሳት አቃታት። በሠልስቱ ፋሲካ ስልክ ደወለች፤ «እማ ዐሊማ፣ አባዬ…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ቀብሩ አለፈ። ሠልስቱ አለፈ። ብርቱካኑ እግርጌዋ ተቀምጦ ሻገተ። አርባው ሲወጣ ዐሊማ ገና ግድግዳ ይዛ ነበር ወደ ሽንት ቤት የምትሄደው።

ክፉ ዕድል ሆኖ በዚያች የገበያ ቀን ረሂማ የምትባል የኮምቦልቻ ነጋዴ አይታታለች። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ «ዐሊማ ምነው ቀረች?» ሲባባሉ፣ ረሂማ «ታማለች? ወላሂ በቀደም ፒያሳ ላይ ብርቱካን ስታማርጥ አየኋት፤ ሙሽራ መስላ!» አለች። እውነቷን ነው፤ አልዋሸችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ገበያነሽ የዐሊማን ስልክ አላነሳችም። በወሎ ለቅሶ ያልደረሰን ሰው የሚሰድበው የለም፤ ዝም ይባላል። ከስድብ እሱ ይከፋል።

በክረምቱ መግቢያ ከጤና ጣቢያው ሰርካዲስ የምትባል ወጣት መጣች። ኮሮና ለቋቸው ርዝራዡ ያልለቀቃቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረች የምታግዝ የማገገሚያ ባለሙያ ናት። ያመጣት የሰፍዋን ልመና ነው፤ ከሠመራ ሆኖ ሰው እያስጠየቀ አገኛት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ከንቱ ቀሩ።

«እንዴት ነዎት እትዬ ዐሊማ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ትንፋሽዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።»

«ዳገት ሲወጡ?»

«አላህ ይመስገን፤ ከእኔ የባሰ ስንት አለ!»

ሰርካዲስም የደሴ ልጅ ሆና ሳለ ይህን ሁሉ አምና፣ ሴትዮዋ ድናለች ብላ ልትሰናበት ተነሣች። ዐሊማ እንግዳ ቁጭ ብላ አትሸኝም፤ እስከ ግቢው በር ልትሸኛት ተከትላት ወጣች። በሩ ጋ ሲደርሱ ጉበኑን ይዛ ቀስ ብላ ተንሸራታ መሬት ተቀመጠች፤ «ሂጂ ልጄ፣ በሰላም ግቢ» እያለች። ሰርካዲስ ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቧ አፈር ላይ ተቀመጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ እንዴት ነዎት አልልዎትም» አለቻት። «ትናንት ምን ሠሩ፣ ዛሬ ምን አቃተዎት፣ እሱን ነው የምጠይቅዎት። ይህን ሲመልሱ አላህ አይቀየምዎትም።»

ከዚህ ወዲህ ነገሩ መስመር ያዘ። ሰርካዲስ ያስተማረቻት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ለዐሊማ ግን ከሥራ ሁሉ የከበደ ነበር፤ ሳይደክሙ መቀመጥ። ሽንኩርት ቁጭ ብሎ መላጥ፤ ልብስ ዛሬ ግማሹን ማጠብ፣ የቀረውን ነገ፣ ያውም ጉልበት ከተረፈ ብቻ፤ ትንፋሽን በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ መልቀቅ።

«ሳይደክመኝ ከተቀመጥኩ ሰነፍ ነኝ ማለት አይደል?» ብላ ተከራከረች።

«ሲደክምዎ ከተቀመጡማ አልፏል።»

አንድ ቀን ሰርካዲስ ጠየቀቻት። «ጉልበት ቢያገኙ ለምን ይፈልጉታል? አንድ ነገር ይምረጡና ለእሱ እንሥራ። አንዱ መምህር ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ መቆም እፈልጋለሁ ብሎኛል። አንድ አባት ሰላት ቆሜ መስገድ ብለውኛል።»

«ለለቅሶ» አለች ዐሊማ።

«ለማን ለቅሶ?»

ነገረቻት። ስለ ጭቃው፣ ስለ ብርቱካኑ፣ ስለ ስልኩ። ስትነግራት ትንፋሽ አጥሯት ሁለት ጊዜ አረፈች።  ሰርካዲስ ለቅሶውን እንደ ሸክም ፈትታ ክፍል ክፍል አደረገችው፤ መልበስ፣ ሚኒባስ መሳፈር፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መቻል፣ ባጃጅ፣ ከባጃጁ በኋላ ያለችው ዳገት፣ መግባት፣ መቀመጥ፣ ማጽናናት፣ ሳይረፍድ መመለስ። ለቅሶን እንዲህ ገነጣጥሎ የከፋፈለ ሰው ዐሊማ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ክረምቱና የበጋው እኩሌታ በዚሁ አለፈ። እስከ በሩ፤ ከበሩ እስከ ዋርካው፤ ከዋርካው እስከ አስፋልቱ። አንዳንዴ ከአስፋልቱ ወደ አልጋ ተመልሳ እንደገና ከበሩ ትጀምራለች።

«መጮህ ግን የለም» አለቻት ሰርካዲስ። «ትንፋሽዎን የሚጨርሰው እሱ ነው። ገብተው አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ይበሉና ይቀመጡ።»

«ሳልጮህ? ዱዳ መጣች ይሉኛል እኮ!»

ሸሆቹ በሬሳ መጮህን ይከለክላሉ፤ ዐሊማም ታውቃለች። ግን የክርስቲያን ለቅሶ በክርስቲያን ወግ ካልተለቀሰ ሄዱ አይባልም፤ ወሎ ላይ ይህን ሸሆቹም አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ሆና እስኪ ልሞክረው አለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ወለሉ መሃል ቆማ፣ ትንፋሿን ስባ፣ «ወይኔ ብሩዬ! ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ለቀቀችው።

መጀመሪያ የደረሰችው ኢንሻራህ ናት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ባዶ እግሯን። ከኋላዋ የማዶዎቹ፣ የታች ሰፈሮቹ፣ ዓመት ሙሉ ደጃፏን ረግጠው የማያውቁት ሁሉ እየጮሁ ገቡ። አንዷ ደረቷን እየደቃች «ሰፍዋን ነው? ሰፍዋን ነው?» ትላለች። ቤቱ ጢም አለ።

«ማን ሞተ? ተናገሪ እንጂ!»

«ማንም አልሞተ» አለች ዐሊማ። «እየተለማመድኩ ነው።»

«ምን?»

«ለቅሶ።»

«አዑዙ ቢላህ!» አለች አንዷ። ሌላዋ «በቤትሽ ሟርት ትጠሪያለሽ?» ብላ ተቆጣች፤ አንዷማ ሳቋን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ዐሊማ ነገሩን ልታስረዳ ጀመረች፤ ግን ትንፋሿ አልቆ ነበርና ቃሉ አልወጣም፤ እነሱም ቆመው አልጠበቁም። ሥራ ጥለን መጣን እያሉ ወጡ። ኢንሻራህ ብቻ በሩ ላይ ዘወር ብላ አየቻትና «አረፍ በይ ዐሊማ» አለቻት፤ ጭንቅላቷን ነካ አድርጓታል ብላ ሳትሰጋ አልቀረችም። ዐሊማ የተረጋገጠውን ምንጣፍ እያየች ተቀመጠች። ብሞት ይመጣሉ ማለት ነው፣ ብላ አሰበች። ደስም አላት፤ አንጀቷም አረረ።

በጥር መጨረሻ ወረደች። ሰርካዲስ አብሬዎት ልሂድ ብትላት «ለቅሶ በአጃቢ ይደረሳል?» ብላ እምቢ አለች። ሐረጎን ዓይኗን ጨፍና ጨረሰችው። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ፊቷን ሲመታት ደስ አላት። ባጃጁ ከዳገቷ ሥር አወረዳት፤ እሷም እንደ ተማረችው ሳይደክማት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላፊዎቹ ፀሐይ የምትሞቅ መስሏቸው «ጥሩ ፀሐይ ነው» ብለዋት አለፉ።

በሩን የከፈተችው ፋሲካ ናት። «እማ ዐሊማ!» ብላ አንገቷ ላይ ልትጠመጠም ስትል ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

ገበያነሽ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ዐሊማን ባየች ጊዜ ተነሣች፤ ለእንግዳ እንደሚነሡት።

«ይግቡ። እዚህ ይቀመጡ» አለቻት።

ሠላሳ ዓመት አንቺ ስትላት የኖረች ሴት! ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ዐሊማ ተቀመጠች። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለች ቀስ ብላ።

«አሜን። እርስዎ ደህና ነዎት? አምሮብዎታል።»

«ታምሜ ነው የቀረሁት፣ ገብዬ።»

«ሰምቻለሁ። ፒያሳ የወጡ ዕለት ያዩዎት ነግረውኛል።»

ብርቱካኑ የብሩ ነበር ልትል አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ብሩ ያልበላው ብርቱካን ለማን ይመሰክራል? ፋሲካ ውሃ አቀረበች። ሰርካዲስ የነገረቻት ሁሉ እስካሁን በሥርዓቱ ሆኗል፤ ትንፋሿ አለ፤ ጉልበቷ አለ፤ አሁን ብትነሣ ቤቷ በሰላም ትገባለች። ገብታስ? እዚያው ጣሪያ ሥር ልትተኛ። እዚህች ቤት ደግሞ እስከ ዘላለሙ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ልትባል።

ተነሥታ ቆመች። ነጠላዋን ከራሷ ወደ ወገቧ አወረደችና አሰረችው።

«ብሩዬ! ወንድሜ! በሐምሌ ጭቃ አብዱን የቀበርክልኝ! አንተን አፈር ሲያለብሱህ እኔ የት ነበርኩ? አልጋዬ ይናገር! ጣሪያዬ ይናገር!»

ደረቷን መታች። ወራት ሙሉ በጠብታ የቆጠበችውን ትንፋሽ እንደ ባለጸጋ በተነችው። ፋሲካ አለቀሰች። ገበያነሽ መጀመሪያ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፤ «አብዱ ሲሄድ አንተ ደረስክ፤ አንተ ስትሄድ ማን ቀረ?» ሲባል ግን ወደቀች፤ ተያይዘው መደቡ ላይ ወደቁ።

«ዐሊማ! አንቺ ከንቱ!» አለች ገበያነሽ ፊቷን እየዳበሰቻት። «ምነው እስከ ዛሬ? ምነው?»

«አፉ በይኝ ገብዬ።»

«አፉ ብያለሁ። እግዜር አፉ ይበለን።» እንባዋን ጠረገችና አየቻት፤ ቀይ፣ ላብ ያረጠበው፣ ሙሉ ፊት። «ተመስገን! እንኳን ዳንሽልኝ። እንዲህ የምትጮሂ ከሆነማ ድነሻል!»

ዐሊማ መናገር የሚገባት ያኔ ነበር። ነገር ግን እጇ በገበያነሽ እጅ ውስጥ ነው፤ አንቺ ተብላለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

«እንግዲያ ሙት ዓመቱ በሚመጣው ወር ነው፤ ቀደም ብለሽ ነይልኝ። የእስላሙን እንግዳ ድስት አንቺ ካልያዝሽው ማን ይይዝልኛል? ሌላ ሰው አላስነካም።»

«ኢንሻ አላህ» አለች ዐሊማ።

ስትመለስ ክንፍ አውጥታ ነበር። ከሚኒባሱ ወርዳ ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ አንድም ቦታ አልተቀመጠችም። በማግስቱ ቀኝ እጇን ፈለገችው፤ አለ፤ ግን አልታዘዝ አለ።

ሰርካዲስ በመደበኛ ቀኗ ስትመጣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ዐሊማ በሻሿ ዓይኗን ሸፍና አገኘቻት። አልተቆጣችም። ትራሱን አስተካክላ፣ ከንፈሯን በውሃ አርሳ፣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጮሁ እንዴ?»

ዐሊማ በጣቷ አዎ አለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ታረቅን» አለች።

«እሰይ። በሽታውን ነገሯት?»

«የዳንኩ መስሏት ነው የታረቀችኝ።»

ዐሊማ ተኝታ ስታሰላስለው የሰነበተችው ይህንኑ ነው። ገበያነሽ የታረቀችው ድስት ከምትይዝ፣ ቆማ ከምታድር፣ ሐረጎን ወጥታ ከምትወርድ ሴት ጋር ነው። ያች ሴት ደግሞ ከሞተች ቆይታለች፤ ለቅሶዋን ማንም አልደረሰም።

ስልኩ ጮኸ። ሰርካዲስ አየችው። «ገበያነሽ ይላል። ልዝጋው?»

«ጆሮዬ ላይ አድርጊልኝ።»

«ዐሊማ!» አለች ገበያነሽ፤ ከኋላዋ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። «በርበሬውን ጀምረናል፤ መቼ ትወርጃለሽ?»

«ገብዬ፣ አልመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አልዳንኩም። ዋሸሁሽ። ከአንቺ ዘንድ ከመጣሁ ጀምሮ ከአልጋ አልወረድኩም።»

ገበያነሽ በርበሬ ለሚወቅጡት አንድ ነገር ተናገረች፤ ድምፁ ቆመ። ዐሊማ ስልኩን የዘጋችባት መሰላት።

«ታዲያ ያን ቀን» አለች ገበያነሽ በመጨረሻ፤ «በምን ጉልበትሽ ነው እንደዚያ ያለቀስሽው?»

«የነበረኝ እሱ ነው። ለብሩ አወጣሁት።»

ሰርካዲስ ስልኩን የያዘ እጇ ደክሞት ወደ ሌላው አዛወረችው። ከወዲያ ማዶ ገበያነሽ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ።

«ዛሬ እህል ቀምሰሻል?» አለች።

«አልቀመስኩም» አለች ዐሊማ።